ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ፦ ስለ ስኳር ሕመምና ስለ ማኩላ እብጠት የተደረገ የሕዝብ ንግግር



የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለዓይን ምርመራ መጥቶ «ዓይንዎ ውስጥ መርፌ እንሰጥዎታለን» ሲባል የሚመልሰውን መልስ እኛ የዓይን ሐኪሞች በቃላችን እናውቀዋለን። «ጠብታ የለውም? እንክብልስ? መነጽሬን ብትቀይሩልኝስ?» ይላል። ድንጋጤው እውነተኛ ነው፤ ወደ ዓይኑ የሚመጣ መርፌ ማሰብ የሚወድ ሰው የለም። ብዙዎቹ «እስቲ ቤተሰብ ላማክር» ብለው ይወጡና ስድስት ወር፣ ዓመት፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ መርፌ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዎቹ ጠፍተው በሚቆዩበት በዚያ ጊዜ ዓይናቸው ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። በማኩላ እብጠት ሕክምና የትኛው መድኃኒት ተሰጠ ከሚለው ይልቅ መቼ ተጀመረ፣ ሳይቋረጥስ ቀጠለ ወይ የሚለው የእይታን ዕጣ እንደሚወስን ማስረጃ አቀርብላችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ሬቲና የዓይናችንን የኋላ ግድግዳ ከውስጥ የሚያለብስ፣ ብርሃንን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይር ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ ብዙም አይዘልም። በዚህ ሽፋን መካከል አምስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ክፍል ማኩላ ይባላል። ስናነብ፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ስናስገባ፣ የመቶውን ብር ከሁለት መቶው ስንለይ፣ ከመንገድ ማዶ የሚመጣውን ሰው ፊቱን አይተን ስንጠራው የምንጠቀመው በማኩላ ነው። የቀረው ሰፊው ሬቲና የጎን እይታ ይሰጠናል፤ ግድግዳ እንዳንገጭ፣ ሰው እንዳንገፋ ይጠብቀናል።

ማኩላው ያበጠ ሰው እንግዲህ ቤቱ ውስጥ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፤ በሩን ይከፍታል፣ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። ቤተሰቡም «ያያል እኮ» ይላል። ነገር ግን የመድኃኒቱን ብልቃጥ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ሲሪንጁ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይደበዝዙበትና መጠኑን ያሳስታል፤ ያን ጊዜ የዓይን ችግር የሕይወት አደጋ ይሆናል። አረጋውያን ወላጆች ያሏችሁ ይህን አስቡበት፤ እናታችሁ ኢንሱሊኑን በራሳቸው የሚለኩ ከሆነ አንድ ቀን አጠገባቸው ቆማችሁ ቁጥሩን እንዲያነቡላችሁ ጠይቋቸው።

እብጠቱ ከየት ይመጣል? ማኩላን የሚመግቡት የደም ሥሮች እጅግ ቀጫጭን ናቸው። የግድግዳቸው ሴሎች እርስ በርሳቸው ጥብቅ ብለው የተያያዙ ስለሆኑ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ እንዲያው ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከውጭ ደግሞ ፔሪሳይት የሚባሉ ደጋፊ ሴሎች አቅፈዋቸዋል። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀድመው ከሚሞቱት መካከል እነዚህ ደጋፊዎች ናቸው። ደጋፊ ያጣው ግድግዳ እዚህም እዚያም ይወጠርና ጥቃቅን ጉብታ ያወጣል። ቀጥሎ የደም ሥሮቹ እንደ አሮጌ እንስራ ማዠት ይጀምራሉ። ውሃው፣ ፕሮቲኑና ስቡ ወደ ሬቲናው ሥጋ ይሰርጋል፤ ውሃው ሲመጠጥ ስቡ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ሌሎቹ የደም ሥሮች ደግሞ ይደፈናሉ። ያን ጊዜ ሬቲናው ኦክስጅን ያጥረውና ተጨማሪ ደም የሚጠራ ኬሚካል ይለቃል። ይህ ኬሚካል ቬጅኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ አዳዲስ ነገር ግን ደካማ የደም ሥሮችን ያበቅላል፣ የነበሩትም ይበልጥ እንዲያዡ ያደርጋል። ዓይን ለራሱ መፍትሔ ብሎ የለቀቀው ነገር ተመልሶ ራሱን ይጎዳዋል። ስሙን ያዙት፤ ታሪኩን በኋላ እናመጣዋለን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም አያምም፤ ዓይን አይቀላም፣ እንባም አያወርድም። ችግሩ በአንድ ዓይን ከበረታ ደህናው ዓይን ይሸፍንለታል፤ ሰውየው የሚያውቀው ደህናውን ዓይን በአጋጣሚ በእጁ ሲከልል ነው። ሲያውቅም በሰፈራችን እንደተለመደው «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይወጣል» ወይም «ዕድሜ ነው» ይባላል፤ ሞራ እንዲበስል እየተጠበቀ ማኩላው ይበላሻል። ስለዚህ ቤታችሁ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ወይም የመስኮቱን ፍሬም በየተራ አንድ አንድ ዓይን ሸፍናችሁ ተመልከቱ። ቀጥ ያለው መስመር ከተጣመመ ወይም መሃሉ ከደበዘዘ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። ይህ የቤት ሙከራ ምርመራን አይተካም፤ እብጠቱ ወደ መሃሉ ከመድረሱ በፊት እይታ ሙሉ ሆኖ ሊቆይ ይችላልና።

ምርመራው ቀላል ነው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግና ሐኪሙ ሬቲናውን ያያል፤ ከዚያ ኦሲቲ በሚባል መሣሪያ ይታያል። ይህ መሣሪያ በ1991 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አካባቢ በነበሩ ተመራማሪዎች ለዓለም የቀረበ ነው። ብርሃን ልኮ የሚመለሰውን በማንበብ የሬቲናን ንብርብር በማይክሮን ይለካል፤ ዓይንን ሳይነካ፣ በጥቂት ደቂቃ። ከዚያ በፊት እብጠት አለ የለም የሚለው በአብዛኛው በሐኪሙ ዓይንና ልምድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

አሁን ወደ ሕክምናው ታሪክ ልግባ፤ ታሪኩን የማመጣው ዛሬ ያለንን ነገር ዋጋ ስለሚያሳይ ነው።

በሐምሌ 1945 አውሮፓ ላይ የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ጌርድ ማየር-ሽቪከራት የሚባል ወጣት ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ግርዶሹን ያለ መከላከያ ሲያይ ማኩላው የተቃጠለ የሕክምና ተማሪ ገጠመው። ጠባሳውን ሲመለከት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ብርሃን ሬቲናን ማቃጠል ከቻለ የታመመውን ቦታ መርጦ ለመጠገን ሊያገለግል ይችላል። መጀመሪያ የፀሐይን ብርሃን በመስታወት እየሰበሰበ ሞከረ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ከዛይስ ኩባንያ ጋር ልዩ መብራት ያለው መሣሪያ አሠራ። ሌዘር ሲፈለሰፍ መንገዱ ተጠርጎ ጠበቀው። አንድን ሰው የጎዳ ቃጠሎ የብዙ ሚሊዮኖችን ዓይን ወዳተረፈ ሕክምና እንዲህ አመራ።

ሌዘር ለማኩላ እብጠት በእርግጥ ይጠቅማል ወይ የሚለውን የመለሰው በአሜሪካ 3,711 ሰዎችን ያሳተፈው ትልቅ ጥናት ነው። በ1985 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሳይታከሙ ከቆዩት ዓይኖች በሦስት ዓመት ውስጥ 24 በመቶዎቹ ጉልህ እይታ አጡ፤ በሌዘር ከታከሙት ግን 12 በመቶዎቹ። ጉዳቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ሆኖም የጠፋ እይታ መመለሱ እጅግ ጥቂት ነበር። ለዚያ ትውልድ ሐኪሞች «ባለበት እንዲቆም እናደርጋለን» ማለት ታላቅ ነገር ነበር፤ ታካሚው ግን ማንበብ ይናፍቀዋል፣ መቆሙ ብቻ አይበቃውም።

ለውጡ የመጣው ከሌላ መንገድ ነው። አይዛክ ማይክልሰን የሚባል በስኮትላንድ የተወለደ፣ ኋላም በኢየሩሳሌም ሐዳሳ ሆስፒታል የሠራ የዓይን ሐኪም በ1948 ደም ያጠረው ሬቲና የደም ሥር የሚያበቅል አንዳች ተንሳፋፊ ንጥረ ነገር ሳይለቅ አይቀርም ብሎ ጻፈ። ንጥረ ነገሩን ግን ማንም አላየውም። በ1971 የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን የካንሰር ዕጢዎችም እንዲህ ባለ ንጥረ ነገር ደም እንደሚስቡ፣ እሱን ማገድም ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ብዙዎች ለዓመታት አላመኑትም። በ1983 ዶናልድ ሴንገርና ሃሮልድ ድቮራክ የደም ሥርን እንዲያዥ የሚያደርግ ፕሮቲን አገኙ። በ1989 ከሲሲሊ የመጣው ናፖሌዎኔ ፌራራ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ጄኔንቴክ ኩባንያ ውስጥ የደም ሥር የሚያበቅለውን ፕሮቲን ለይቶ አወጣው። ከዚያ ምን ተገለጠ? ደም ሥር የሚያበቅለውና የሚያስዣው አንድና ያው ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ያ ቬጅኤፍ ያልኳችሁ ነው። በ1994 ደግሞ ሎይድ አዬሎና ባልደረቦቹ ከ164 ሰዎች ዓይን የተቀዳ ፈሳሽ መርምረው በስኳር ሕመም አዳዲስ የደም ሥር እየበቀለባቸው ባሉት ላይ ይኸው ፕሮቲን በብዛት እንዳለ አሳዩ። የማይክልሰን ግምት ከ46 ዓመት በኋላ ተረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። ቬጅኤፍን የሚያስር ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት፣ በገበያ ስሙ አቫስቲን፣ በ2004 በአሜሪካ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ጄኔንቴክ ለዓይን ደግሞ ራኒቢዙማብን ማለትም ሉሴንቲስን እያዘጋጀ ነበር። በ2005 በማያሚ የሚሠራው ፊሊፕ ሮዘንፌልድ ሉሴንቲስ እስኪፈቀድ ዓይናቸው የሚጠፋባቸው ታካሚዎች እያሉ መጠበቅ ስላልቻለ ከካንሰሩ መድኃኒት ጥቂት ጠብታ ወስዶ በዕድሜ ምክንያት ማኩላው የተጎዳ ሰው ዓይን ውስጥ ሰጠ። እብጠቱ ጎደለ። ወሬው ወራት ሳይፈጅ ዓለምን አዳረሰ፤ ለስኳር ሕመምተኞችም መጠቀም ተጀመረ። ሉሴንቲስ በ2006 ለዕድሜ ሕመሙ፣ በ2012 ለስኳሩ እብጠት ተፈቀደ። አይሊያ ወይም አፍሊበርሴፕት በ2014፣ ፋሪሲማብ በ2022 ተከተሉ።

ከሁሉ አብልጬ እንድትሰሙኝ የምፈልገው አሁን የምለውን ነው። ለሉሴንቲስ መፈቀድ መሠረት የሆኑት ሁለት ጥናቶች 759 ሰዎችን አሳትፈዋል። ከፊሎቹ በየወሩ መርፌ ተሰጣቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ለንጽጽር ሲባል መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ዓይናቸው ላይ ተጫነ። ሁለት ዓመት ሲሞላ መርፌውን ካገኙት ከሦስት አንዱና ከዚያም በላይ የፊደል ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ወደ ታች ማንበብ ቻሉ፤ እይታቸው ተመለሰ። ከሌሎቹ ወገን እዚህ የደረሱት ከ12 እስከ 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ መርፌውን ላላገኙትም ያው መድኃኒት ተፈቀደላቸው። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከመጀመሪያው የታከሙት በአማካይ ከ10 እስከ 14 ፊደል አትርፈው ቀጠሉ። ዘግይተው የጀመሩት ግን አምስት ፊደል እንኳ አልሞላላቸውም። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ሐኪሞቹም እነዚያው ናቸው። እብጠቱ በሁለቱም ወገን ጎደለ። ሬቲናው ለሁለት ዓመት በፈሳሽ ሲዘፈዘፍ የሞቱት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ግን አልተመለሱም። «ቤተሰብ ላማክር» ብሎ የጠፋ ሰው ሲመለስ የሚገጥመው ይኸው ነው።

ታዲያ የትኛው መድኃኒት ይሻላል? በ2015 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አይሊያን፣ ሉሴንቲስንና አቫስቲንን በ660 ሰዎች ላይ አወዳደረ። እይታቸው መጠነኛ ጉዳት ብቻ ያገኘው ሰዎች በአንድ ዓመት በሦስቱም መድኃኒት ስምንት ፊደል ገደማ አተረፉ፤ ልዩነት አልታየም። እይታቸው በፊደል ሰሌዳው መለኪያ 6/15 ወይም ከዚያ በታች በነበረው ግን አይሊያ በመጀመሪያው ዓመት በለጠ፦ 19 ፊደል ገደማ፣ ሉሴንቲስ 14፣ አቫስቲን 12። በዚያን ጊዜ ዋጋቸው በአንድ መርፌ እንደ ቅደም ተከተላቸው ከ1,800 ዶላር በላይ፣ ከ1,100 ዶላር በላይ እና 60 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ በ2022 ሌላ ጥናት ወጣ፤ እይታቸው የተጎዳ ሰዎች በርካሹ አቫስቲን ጀምረው በቂ ለውጥ ካላሳዩ ወደ አይሊያ ቢሻገሩ ከመጀመሪያው አይሊያ ከሚሰጣቸው ጋር በሁለት ዓመት እይታቸው ይለያያል ወይ ብሎ ጠየቀ። አልተለያየም። በአቫስቲን ከጀመሩት ዓይኖች 70 በመቶ ያህሉ በመንገዱ ላይ መድኃኒት መቀየር እንዳስፈለጋቸውም መደበቅ የለብኝም፤ መነሻው ርካሽ መሆኑ ግን የእይታ ውጤቱን አልጎዳውም።

የኔ ፍርድ ከዚህ ይነሳል። ውጭ አገር ያለ ልጅ ውዱን መድኃኒት እስኪልክ ብለው በእጃቸው ያለውን አቫስቲን ለወራት የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ። ፍቅራቸው ገብቶኛል፤ ግን ጠብታ ጠብታ እያለ የሚጠፋውን እይታ ውዱ መድኃኒት ሲመጣ አይመልሰውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቤቫሲዙማብን ለዓይን ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ከ2013 ጀምሮ አስፍሮታል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። አቫስቲን የሚመጣው ለካንሰር በሚሆን ትልቅ ብልቃጥ ነው፤ ለዓይን ሲከፋፈል ጀርም በማይገባበት ቦታና በሠለጠነ እጅ መሆን አለበት። አንድ ብልቃጥ ከተበከለ ብዙ ዓይን ይጠፋል። የሆስፒታል ፋርማሲስቶቻችን በዚህ ሥራ ላይ የዓይን ሐኪሙን ያህል ድርሻ አላቸው፤ ሥልጠናውም ዕቃውም ሊሟላላቸው ይገባል።

መርፌው ራሱ ምን ይመስላል? ዓይን በማደንዘዣ ጠብታ ይደነዝዛል። ሽፋሽፍቱና ዓይኑ ፖቪዶን አዮዲን በሚባለው ቡናማ መድኃኒት ይታጠባል፤ ኢንፌክሽንን ከሚከላከሉት ሁሉ ዋናው ይህ እጥበት ነው፣ ቢያቃጥልም ታገሡት። ከዚያ ከጥቁሩ ዓይን ጠርዝ ሦስት ተኩል ወይም አራት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ፣ በነጩ ክፍል በኩል፣ እጅግ ቀጭን በሆነ መርፌ መድኃኒቱ ይሰጣል። መጠኑ የአንድ ሚሊሊትር ሃያኛ እጅ ነው። ታካሚው ጫን የማለት ስሜት ያገኘዋል፤ ሴኮንዶች ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ ጥቂት መቆርቆር፣ ነጩ ላይ የደም ነጥብ፣ ለአንድ ሁለት ቀን የሚንሳፈፍ ጥላ ሊኖር ይችላል፤ እነዚህ ያልፋሉ። የማያልፈው አደጋ የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ነው። ከሁለት ወይም ሦስት ሺህ መርፌ አንዱን ገደማ ይገጥመዋል። በቀናት ውስጥ ሕመም ከበረታ፣ መቅላቱ ከጨመረ፣ እይታ ከቀነሰ እሑድም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። በቅርብ ጊዜ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም የያዛችሁ፣ ያረገዛችሁም መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ።

ጸበል የምትጠመቁ ወገኖች ብዙ ጊዜ ይህን ትጠይቁኛላችሁ። መርፌ ከተሰጣችሁ በኋላ ለጥቂት ቀናት ምንም ውሃ ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ ጠብቁ፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ሃይማኖታችሁና ሕክምናችሁ አይጋጩም። ካህናቱ ምእመናንን «ቀጠሮህን አትተው» ቢሉልን ሥራችን ግማሽ በግማሽ ይቀላል።

አሁን ከባዱን ልናገር። መርፌው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። በዚያ በ2015 ጥናት ታካሚዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ወይም አሥር መርፌ፣ በሁለተኛው አምስት ወይም ስድስት ተሰጣቸው። ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ለብዙዎችም ኋላ ላይ ይቆማል፤ የመጀመሪያው ዓመት ግን በየወሩ መመላለስ ነው። አገራችን ደግሞ ዓይነ ስውርነትን ለመከላከል የገነባችው ሥርዓት በዋናነት ሞራንና ትራኮማን የተከተለ ነው። የሞራ ዘመቻ ሲመጣ ገበሬው አንድ ቀን ይመጣል፣ ይቀደዳል፣ በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ያያል፣ እልል ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ድንቅ ሥራ ነው፤ ሲደረግ ያየ ሰው አይረሳውም። የማኩላ እብጠት ግን በዘመቻ አይታከምም። አንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ ቡድን ሁለተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ዘጠነኛውን መርፌ ሊሰጥ አይችልም። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ማዕከላት ሐኪሞች ይሠለጥናሉ፤ ከነዚህ ከተሞች ርቆ ለሚኖር ሰው ግን እያንዳንዱ መርፌ የአውቶቡስ ትኬት፣ የማደሪያና አብሮት የሚሄድ ሰው ወጪ አለበት። ሁለተኛው መርፌ ላይ ትንሽ ሲሻለው «ይበቃኛል» ብሎ ሲቀር ሰነፍ አትበሉት።

መፍትሔው ከፊሉ የጤና ተቋማት ነው። ስኳር ሕመምተኛው ለመድኃኒቱና ለደም ምርመራው በየጊዜው የሚመላለስበት ክፍል አለው፤ የሬቲና ፎቶ እዚያው ቢነሳ፣ የዓይን ቀጠሮውም ከስኳር ቀጠሮው ጋር በአንድ ቀን ቢሆን አንድ ጉዞ ይቀንስለታል። ፎቶውን የሠለጠነች ነርስ ማንሳት ትችላለች፤ ሐኪሙ በሌላ ከተማ ሆኖ ሊያነበው ይችላል። በ2018 በአሜሪካ ፎቶውን ያለ ሐኪም የሚያነብ ኮምፒውተር ተፈቅዷል። እንግሊዝ አገር ለስኳር ሕመምተኞች ሁሉ ይህን የፎቶ ምርመራ በአገር ደረጃ ዘረጋች፤ በ2014 የወጣ ጥናት በዚያ አገር ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል በሥራ ዕድሜ ላሉ ሰዎች የዓይነ ስውርነት ቀዳሚ ምክንያት የነበረው የስኳር ሬቲና ሕመም ከመሪነቱ መውረዱን አሳየ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ምርመራው እንደሆነ አጥኚዎቹ ገምተዋል፤ እኔም አምናለሁ።

ሌሎቹን ሕክምናዎች በአጭሩ ላንሳ። ሌዘር ጡረታ አልወጣም፤ የሚያዣው ነጥብ ከመሃሉ ርቆ ሲገኝ፣ ታካሚው በየወሩ መምጣት ሲያቅተው ይጠቅማል። ስቴሮይድም በዓይን ውስጥ ይሰጣል፤ ለወራት የሚሟሟ ቅንጣት ሆኖ የሚቀመጥም አለ። እብጠቱን ያጎድላል፣ ነገር ግን ሞራን ያፋጥናል፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ግላኮማ ላለበት ሰው ያሰጋል። ማኩላውን ከላይ የሚጎትት ሽፋን ሲኖር ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። እብጠት እያለ እይታው ሙሉ ለሆነ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መርፌ መጀመር ግድ አይደለም፤ በ2019 በ702 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በቅርብ እየተከታተሉ፣ እይታው ሲቀንስ ብቻ መጀመር ወዲያው ከመጀመር ያልተለየ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ይህ የሚሠራው ግን «በቅርብ እየተከታተሉ» የሚለው ቃል በእውነት ሲፈጸም ነው።

መርፌው ዓይኑን ሲያክም የቀረው አካል ዝም ተብሎ አይተውም። በ1993 የወጣው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት 1,441 ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር፤ ሲጀምሩ ሬቲናቸው ያልተነካና ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት ሰዎች ለሬቲና ሕመም የመጋለጣቸው ዕድል በ76 በመቶ ቀነሰ። በ1998 የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ዓይነት ሁለት ባለባቸው ላይ የደም ግፊትን በጥብቅ መቆጣጠር ብቻውን ሦስት መስመር እይታ የማጣትን አደጋ ወደ ግማሽ ገደማ እንዳወረደው አሳየ። ደም ግፊቴ «ትንሽ ከፍ ያለ ነው» እያላችሁ መድኃኒት የምትዘሉ ይህን አስተውሉ። ኩላሊት ሲደክም ወይም ደም ማነስ ሲኖር እብጠቱ ይብሳል። ፒዮግሊታዞን የተባለው የስኳር ክኒን በሰውነት ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ማኩላን ሊያሳብጥ ይችላል፤ የምትወስዱ ከሆነ ለዓይን ሐኪማችሁ ንገሩት።

«ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል» የሚለው ፍርሃት ከባዶ አልተነሳም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በድንገት ሲወርድ ሬቲናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊብስበት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥቅሙ ይበልጣል። ብዙ ሰው ኢንሱሊን የሚጀምረው ዘግይቶ፣ ዓይኑ ከተጎዳ በኋላ ስለሆነ ጥፋቱ በኢንሱሊኑ ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው መልስ ኢንሱሊን ከመጀመሩ በፊት ዓይንን መመርመር ነው። የምትጾሙ፣ የሁዳዴም ይሁን የረመዳን፣ የኢንሱሊኑን መጠን በራሳችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

«እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር የወፍራም ሕመም ነው» የምትሉ ደግሞ ወደ እስራኤል የሄዱትን ወገኖቻችንን ተመልከቱ። ቤተ እስራኤላውያን በ1984 እና በ1991 በብዛት ሲገቡ የስኳር ሕመም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በአዲሱ አገር ዓመታት ሲቆዩ ግን በፍጥነት ተስፋፋ፤ ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ክብደት እንደሚይዛቸውም ታየ። በከተሞቻችን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በዋሽንግተንም አመጋገባችንና እንቅስቃሴያችን ተለውጧል። የቀጭን ሰው ማኩላም ያብጣል።

ዓይነት ሁለት ስኳር እንዳለባችሁ በተነገራችሁ ጊዜ ሳትውሉ ሳታድሩ ዓይናችሁን አስመርምሩ፤ ሕመሙ ሳይታወቅ ለዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ዓይነት አንድ ከሆነ ከተያዛችሁ አምስት ዓመት ሲሞላ፤ ከዚያ በየዓመቱ። ስኳር ያለባት ሴት ስታረግዝ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መታየት አለባት፤ እርግዝና ሬቲናን ሊያባብስ ይችላልና። ስትመረመሩ «ስኳሩ ዓይኔን ነክቷል ወይ?» ብላችሁ አትቁሙ። ማኩላዬ አብጧል ወይ፣ እብጠቱ መሃሉ ላይ ደርሷል ወይ፣ ውፍረቱ ስንት ማይክሮን ነው፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዬ መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የኦሲቲውን ወረቀት ቅጂ ተቀበሉ፤ የጎንደሩን ወረቀት አዲስ አበባ፣ የአዲስ አበባውን ሜሪላንድ ወስዳችሁ ስታሳዩ ሐኪሙ ከዜሮ አይጀምርም። መርፌ ከተባላችሁ ደግሞ ቤተሰባችሁን ወደ ምርመራው ቀን ይዛችሁ ኑ፤ ምክክሩ እዚያው፣ ሐኪሙ ባለበት ይሁን፣ የመጀመሪያው መርፌ ቀንም ከዚያ ሳትወጡ ይቆረጥ።